ይህችና ያቺ አንድ ሰው ናቸው?

ጥቅምት 3

ይድረስ ለእትዬ፣

ካለሁበት ሆኜ ጉልበትሽን ስሜአለሁ። ይህ ወረቀት ከእኔ ቀድሞ አጠገብሽ መቀመጡ ያስቀናኛል። እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራዬም ደህና ነው። ጆሮሽ ከስልክ ጋር ከተጣላ ወዲህ የእጅ ጽሑፌ እንኳ ሳይሻሻል አልቀረም።

የላክሁት ማሽን ደርሶሻል ብዬ እገምታለሁ። ጥቁር ነው፤ ከአንድ ዳቦ አይበልጥም። ኤሌክትሪሺያኑ ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ጋሼ ፎቶ የሚያጥብበትን ኬሚካል ይደረድርበት የነበረው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጥልሽ። እዚያ አቧራ አይገባም። አንቺ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ በአንድ ስካን ያደረግሽው አሥራ አንድ ሺህ ኔጌቲቭ በሙሉ እሱ ውስጥ ይኖራል።

«ለምን እንደ ሰው ሁሉ የኢንተርኔት ኩባንያዎቹ ዘንድ አታስቀምጠውም?» ብለሽኝ ነበር። እትዬ፣ ጋሼ ዕድሜውን የጨረሰበትን ሥራ ለማላውቀው ሰው አስረክቤ ነገ «ደንባችን ተለውጧል» ቢለኝ የት እሄዳለሁ? የራሳችን ፎቶ በራሳችን ቤት፣ በራሳችን ማሽን ይቀመጥ። ለዚህ የሚሆኑ ነፃ መተግበሪያዎች ሞልተዋል፤ ሦስት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳወዳድር ከርሜአለሁ። አንዱ መልኩ ያምራል፤ ፍለጋው ግን አማርኛ አይሰማም። ሌላው ሁሉን ይችላል፤ ግን በአሥር ቀን አንዴ ይታመማል። የመረጥኩት በሽተኛውን ነው። በቃል ትጠይቂዋለሽ፤ «ብስክሌት የያዘች ሴት» ካልሽው ከአሥራ አንድ ሺው መካከል ለቅሞ ያወጣልሻል። ፊትም ያውቃል። የአንድ ሰው ፊት ካሳየሽው ያ ሰው ያለበትን ሁሉ ይሰበስባል።

የምለፋው ለዚህ ለመጨረሻው እንደሆነ ታውቂያለሽ። የእናቴ ፎቶ ያለኝ አንድ ብቻ ነው፤ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው፣ አንቺ የሰጠሽኝ። ነገር ግን ስቱዲዮው ከተከፈተ ጀምሮ እስክትሞት ድረስ ስትገባ ስትወጣ የኖረች ሴት ከአንዷ ሙሽራ ጀርባ፣ ከአንዱ መስተዋት ውስጥ አትጠፋም። ያንን ፊት ለማሽኑ እሰጠውና ይፈልጋታል።

ልጅሽ


ኅዳር 2

ይድረስ ለልጄ፣

ጤና ይስጥህ፤ የያዝከው ሁሉ ይቅናህ፤ ክፉ ሰው በመንገድህ አይቁም። እኔ ከጉልበቴና ከኤሌክትሪሺያኑ በስተቀር ደህና ነኝ።

ሰፈሩ ይህን ሰው «ቶሎ ቶሎ» የሚለው ለምን እንደሆነ ረስተሃል መሰለኝ። ረቡዕ እመጣለሁ ብሎ በሦስተኛው ረቡዕ መጣ። ማሽንህን አገላብጦ አየና «ይሄ ምኑ ነው ኮምፒውተር? ስክሪን የለው፣ ቁልፍ የለው» አለኝ።

«ልጄ ነው የላከው» አልኩት።

«ልጅሽ ምሳ ዕቃ ልኮልሽ እንዳይሆን!» ብሎ እየሳቀ አንድ ሶኬት አቃጠለና ሄደ። በማግስቱ ተመልሶ ሠራው። እግዜር ይስጠው፤ መጀመሪያ ሠርቶ ኋላ ቢስቅ ይሻል ነበር።

ፍለጋህን ስካን በማደርግበት ኮምፒውተር ሞከርኩት። «ዝናብ» ብዬ ብጽፍ የተጫጫሩትን ኔጌቲቮች ሁሉ አመጣልኝ። «ሙሽራ» ብለው ነጭ መጋረጃ አመጣ። «የተናደደ ሰው» ስለው ግን ስልሳ ሁለት ጊዜ ጋሼህን አወጣው፤ እዚህ ላይ ስሕተት የለበትም። ብቻዬን ሳቅሁ። ባሌ ካረፈ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ፊቶቹን አንድ በአንድ እያሳየ «ይህ ማነው?» ይለኛል፤ እኔም ስም እጽፍለታለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በኔጌቲቭ ፖስታዎች ላይ ከተጻፉ የደንበኛ ስሞች እንደሆነ ነግሬህ አውቃለሁ? አሁን ደግሞ እኔ ስም እየጻፍኩ ማሽን አስተምራለሁ።

ስለ እናትህ የጻፍከውን አንብቤአለሁ። ብዙ ተስፋ ባታደርግ ይሻላል። እናትህ ፎቶ መነሣት አትወድም ነበር።

ሹራብ ሳትለብስ አትውጣ።

አክስትህ


ኅዳር 25

ይድረስ ለእትዬ፣

ጤናውን ለአንቺ፣ ትዕግሥቱን ለእኔ ይላክልን።

የእናቴን ፎቶ ለማሽኑ ሰጥቼ ፈልግ አልኩት። ሦስት መቶ አርባ ፎቶ አገኘ። በደስታ ከወንበሬ ተነሣሁ። ከፈትኩት፤ አንቺ ነሽ። ቀጠልኩ፤ አንቺ። ጃንጥላ ይዘሽ አንቺ፤ ባዶ ግድግዳ ፊት ተቀምጠሽ አንቺ። ጋሼ መብራት በፈተነ ቁጥር የሚያስቀምጠው አንቺን ነበር መሰለኝ፤ ዕድሜሽ በሙሉ እዚያ ግድግዳ ፊት አልፏል። እህትማማች መመሳሰሉ ይገባኛል። ግን እንዲህ ዓይነት መጃጃል ምን ይባላል?

የመመሳሰል መለኪያውን አጠበቅሁት። ሦስት መቶ አርባው ሦስት መቶ ሠላሳ ስምንት ሆነ። ሌላ የፊት ማወቂያ ጫንኩበት፤ ያው ነው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ።

ስለዚህ ሰው ያስፈልገዋል። ስትከፍቺው ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አድርጎ «ይህችና ያቺ አንድ ሰው ናቸው?» ብሎ ይጠይቅሻል። አንዷ እናቴ ናት፣ ሌላዋ አንቺ። ከሥር «አዎ» እና «አይደሉም» የሚሉ ሁለት ቁልፎች አሉ። ፎቶዎቹን በአንቺ ስም ስላስገባናቸው ጥያቄው የሚመጣው ለአንቺ ብቻ ነው። «አይደሉም» የሚለውን ተጫኚልኝ። አንዴ ብቻ። ከዚያ በኋላ አንቺን ትቶ እሷን ይፈልጋል።

ልጅሽ


ታኅሣሥ 14

ይድረስ ለልጄ፣

ቀንህ የተባረከ ይሁን። እዚህ ብርዱ ገብቷል። በመስኮቱ ሥር ያለው ቱቦ ያንጠባጥባል፤ ቶሎ ቶሎን ጠርቼዋለሁ፤ ቱቦም እሠራለሁ ይላል፤ ረቡዕ እመጣለሁ ብሏል። የጫማ ሰፊውን ቤተሰብ ስም ጽፌ ጨርሻለሁ፤ አሥራ አራት ናቸው። ማሽንህ አያቱን ከልጅ ልጁ አላምታታም። ጎበዝ ነው።

የጠየቅኸኝን አይቼዋለሁ። ተጭኛለሁ።

አክስትህ


ጥር 6

እትዬ፣

ሰላምታውን መጨረሻ ላይ አደርገዋለሁ፤ አሁን ደሜ ፈልቷል።

የተጫንሽው «አዎ»ን ነው እኮ!

ሦስት መቶ አርባው ፎቶ በሙሉ አሁን «እናቴ» ተብሏል። ጃንጥላ የያዘችው እናቴ፤ ባዶ ግድግዳ ፊት የተቀመጠችው እናቴ። አንቺ ከቤቱ ጠፋሽ፤ በስምሽ አንድም ፎቶ የለሽም። ልመልሰው ብል መተግበሪያው «አዲሱን ዕትም ሳትጭን አይሆንም» አለኝ። ጫንኩት። ስሞቹን ሁሉ ጠራርጎ አጠፋቸው፤ የጫማ ሰፊውን አሥራ አራት ነፍስ ጭምር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለላት ሴት ዘመዴ ሳትሆን አትቀርም። ከመጠባበቂያው ቅጂ ለመመለስ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ።

አሁን ጥያቄው እንደገና ይመጣልሻል። መነጽርሽን አድርጊ። ቀስ ብለሽ አንብቢ። «አይደሉም»።

ሰላም ሁኚልኝ። እወድሻለሁ፤ ተናድጃለሁም።

ልጅሽ


ጥር 28

ይድረስ ለልጄ፣

ንዴትህን ያብርድልህ፤ እንቅልፍህን ያጣፍጥልህ።

መነጽሬን አድርጌ ነበር። ባለፈውም አድርጌ ነበር። ኔጌቲቭ ላይ ከፀጉር የቀጠነ መስመር ስሠራ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ሁለት ቁልፍ አይምታታብኝም።

ማሽንህ ሰው አያሳርፍም። ጠዋት ስከፍተው ይጠይቀኛል። ሌላ ነገር ልፈልግ፣ የዳቦ ጋጋሪውን ልጆች ስም ልጽፍ ስል ደግሞ ፊቴ ድቅን ይላል። «አይደሉም» ብዬ ላልፈው ጣቴን አነሣለሁ፤ አይወርድልኝም። ዳኛ እንኳ እንዲህ ደጋግሞ አይጠይቅም። ነቅዬዋለሁ። መደርደሪያው ላይ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኜዋለሁ፤ ምንም አልሆነም።

ቱቦው ተሠርቷል።

አክስትህ


የካቲት 19

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ስለ ማሽኑ አልጠይቅሽም፤ ከተነቀለ ሦስት ሳምንት እንደሆነው ከዚህ ሆኜ አያለሁ። ሰው ከማሽን ጋር ይኳረፋል? ቶሎ ቶሎ ጋ ደውዬ ሂድና ሰካልኝ ብለው «እትዬ አስጠንቅቀውኛል፤ ሶኬቱ አጠገብ ብትታይ ጣትህን እቆርጣለሁ ብለውኛል» አለኝ። ደንግጦ ነበር። አንቺ በሕይወትሽ ሰው ስትቆጪ ሰምቼ አላውቅም።

እኔም ተስፋ ቆርጬ የሰውን መተግበሪያ ሁሉ ጣልኩና የራሴን መሥራት ጀመርኩ። ቀን የሆስፒታል ኮምፒውተር ስጠግን እውላለሁ፤ ቅዳሜ ደግሞ ይህን። የፎቶዎቹ ቅጂ እጄ ላይ ስላለ እዚሁ ሞከርኩት። የሥራ ባልደረባዬ መንታ ሴቶች ልጆች አሉት፤ እናታቸው እንኳ የምትለያቸው በጫማቸው ነው። ፎቶአቸውን አምጥቶልኝ ሰጠሁት። ለያቸው! መንታ ለየ እትዬ። እናንተን ግን አንድ ሰው ናቸው ይላል። ከመቶ ዘጠና ሰባት እጅ እርግጠኛ ነኝ ይላል። የገዛ እጄ የሠራው ማሽን!

እስከ ዛሬ ስሰድበው ነበር። ዛሬ መስደቡም ደከመኝና የእናቴን ፎቶ ሳይ ዋልኩ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፤ እባክሽ ስለ ቱቦ እንዳትመልሺልኝ። ሪቶች የምታደርጊው፣ የሰውን ፊት ኔጌቲቩ ላይ የምታስተካክዪው አንቺ ነበርሽ። ያቺን ፎቶ ምን ያህል ነክተሻታል?

ልጅሽ


መጋቢት 12

ይድረስ ለልጄ፣

ዛሬ ምርቃት አላስቀድምም። አንብበህ ስትጨርስ ከፈለግኸው ከታች ታገኘዋለህ።

ያቺ ፎቶ እኔ ነኝ።

የባለ ፎቶ ቤት ዘመድ ፎቶ የለውም፤ ነገ እንነሣለን እያለ ነው የሚኖረው። ጋሼህ እናትህን ያነሣት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አንተ አራት ዓመትህ ነበር። ግራ ቅንድቧ ላይ የልጅነት ጠባሳ ነበራት። «እህቴ፣ ይቺን አጥፊልኝ፤ እስቲ አንድ ቀን እንኳ ሰው ልምሰል» አለችኝ። እንዲህ ያለው ሥራ የእኔ ነበር፤ ኔጌቲቩን በስለት ጫፍ ቀስ አድርጎ መፋቅ። ያን ቀን ደንበኛ ተሰልፎ ነበር። ቸኮልኩ። ስለቱ አልፎ ገባ፤ ከቅንድቧ እስከ ጉንጯ ተቀደደ። ጣልኩት። ለጋሼህ ብርሃን ገብቶበት ተበላሸ አልኩት። ለእሷ «ሌላ እናነሣሻለን» አልኳት።

ሦስት ጊዜ መጣች። ፎቶ መነሣት አትወድም ያልኩህ ውሸት ነው። ፀጉሯን ተሠርታ፣ አበባ ያለበትን ቀሚሷን ለብሳ፣ ሦስተኛውን ጊዜ አንተንም በእጇ ይዛ መጣች። የሰርግ ወቅት ነበር፤ «ሥራ ሲቀዘቅዝ ነይ» አልኳት። «እሺ፣ የት እሄዳለሁ» አለች። ሥራው ሲቀዘቅዝ ታመመች። በአራተኛው ቀን የለችም።

ሰባት ዓመት ሲሆንህ ከውጭ ሮጠህ ገባህና «እትዬ፣ የእናቴ ፊት ጠፋብኝ» አልከኝ። የወደቀብህን ነገር እንደምትፈልግ መሬት መሬቱን ታይ ነበር። በማግስቱ ቀሚሷን ለበስኩ። ጋሼህ «ተይ፣ ይቅር» አለኝ፤ አልተውኩም። አነሣኝ። ዘጠኝ ቀን ሠራሁት። አፍንጫዬን አቀጠንኩ፤ አገጬን አሳጠርኩ፤ አጥፊልኝ ያለችኝን ጠባሳ በእርሳስ መልሼ ሣልኩላት። ስሰጥህ መጀመሪያ ያየኸው ቀሚሱን ነው። «እሷ ናት!» ብለህ ጮህክ። ከዚያ በኋላ አይደለችም የሚል አፍ ከየት ይምጣ?

ጋሼህ ከመሞቱ በፊት ሊነግርህ ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። ያየው ሰው ሁሉ ተታለለ፤ ማሽንህ ግን እርሳሱን አላየም፣ አጥንቱን አየ። «አዎ» ያልኩትም ለዚያ ነው። አንዴ ዋሽቼሃለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ በአንዲት ቁልፍ ልዋሽህ አልሆነልኝም። በቃል መንገር ደግሞ አቃተኝ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ በከንቱ እንዳትደክም። ስካን ሳደርግ ሁለት ዓመት የፈጀብኝ እጄ ዘገምተኛ ሆኖ አይደለም። አሥራ አንድ ሺውን አንድ በአንድ በማጉያ መነጽር አይቻለሁ፤ የሙሽሮቹን ጀርባ፣ መስተዋቱንም። የለችም።

ምርቃቱ ይኸው፤ ዕድሜህ ከእሷ ይርዘም። ከእኔ የባሰ ሰው አይግጠምህ።

አክስትህ


ግንቦት 30

እትዬ፣

ሁለት ወር ተኩል የዘገየው ፖስታ ቤቱ አይደለም። ስድስት ደብዳቤ ጽፌ ቀድጃለሁ። ይሄ ሰባተኛው ነው፤ ስድቡ ከሁሉም ያነሰው እሱ ስለሆነ ላክሁት።

ሠላሳ አንድ ዓመት! ለፈተና ስሄድ ኪሴ የነበረው ፊት፣ ስታመም ትራሴ ሥር የነበረው ፊት። አንቺ ደግሞ ያኔ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ግንባሬን በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጊ ነበር። ትራስ ሥርም አንቺ፣ ከላይም አንቺ! አሁን በማን ልናደድ? በጋሼ? ሞቷል። በማሽኑ? እውነቱን የነገረኝ እሱ ብቻ ነው፤ ስንት ወር ሙሉ ስሰድበው የከረምኩት እሱን ነው። «ሥራ ሲቀዘቅዝ ነይ» ያልሻትን ባነበብኩ ቁጥር ተነሥቼ ከክፍሌ እወጣለሁ። ከዚያ «የእናቴ ፊት ጠፋብኝ» የሚለው ጋ ስደርስ ተመልሼ እቀመጣለሁ። እንዲህ ስነሣ ስቀመጥ ግንቦት አለቀ።

ፎቶውን አልጣልኩትም። ወደ ግድግዳው አዙሬዋለሁ። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።

አሁን የምልሽን አድርጊ። እርቅ እንዳይመስልሽ፤ ሥራ ነው። ማሽኑን ሰኪ። የራሴን መተግበሪያ ከዚህ እጭንበታለሁ፤ ያንን ጥያቄ ደግሞ አይጠይቅሽም፣ አጥፍቼዋለሁ። ፎቶዋን ክፈቺ። ከሥሯ «መግለጫ» የሚል ባዶ ቦታ ታገኛለሽ። ፍለጋው ፊት ብቻ ሳይሆን እዚያ የተጻፈውንም ያነባል። እናቴን የሚያውቅ ሰው አንቺ ብቻ ቀርተሻል፤ ጆሮሽ ሄዷል፣ ጉልበትሽም በመንገድ ላይ ነው። ፊቷን አበላሽተሽብኛል፤ የቀረውን አትከልክዪኝ። ምን ትመስል እንደነበር ጻፊ። ሳታሳምሪ። ሪቶች የለም። በቃል ስጠራት የምትመጣ እናት ትኑረኝ።

ያሳደግሽው


ሰኔ 23

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ አልልህም፤ እንዴት እንደሰነበትክ ጽፈህልኛል።

ማሽኑን ሰክቻለሁ። ቶሎ ቶሎ በተጠራበት ቀን መጣ፤ ፊቴን አይቶ ሳይቀልድ ሠርቶ ሄደ። «መግለጫ» የሚለውን አገኘሁት። ጠዋት ተቀምጬ እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፦

«በዚህ ፎቶ ላይ ያለችው ሴት እኔ ነኝ። ቀሚሱ የእህቴ ነው። እህቴ ከእኔ በሁለት ዓመት ታንሳለች፤ በቁመትም አንድ ስንዝር ታንሳለች። አፍንጫዋ እዚህ እንዳለው አይደለም፤ ያንን ያቀጠንኩት ለማሳመር ነው፤ ጫፉ ሰፋ ያለ ነበር። በር የምትከፍተው በክርኗ ነው፤ እጇ ባዶ ሲሆንም። ደረጃ ስትወርድ ትቆጥራለች፤ ስትወጣ አትቆጥርም። ስትናደድ ድምፅዋ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ ልጇ ይህን አልወረሰም። ልጇን በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ የሁለት ዓመት ሕፃን ሆኖ ‹አንተ ሰውዬ› ነበር የምትለው፤ እሱም እንደ ትልቅ ሰው ‹አቤት› ይላት ነበር። ስታወራ የሰው እጅጌ ትይዛለች። የያዘችኝ ቦታ ላይ ሁሉም ልብሴ ሳስቶ ነበር። ስትስቅ»

እዚህ ስደርስ ጽሑፉ ቀይ ሆነ። «ረዝሟል፤ አሳጥሪ» ይላል። ላሳጥር ሞከርኩ። ክርኗን ላውጣ? ደረጃውን ላውጣ? «ሰውዬ»ን ላውጣ? ዕድሜዬን ሙሉ ከሰው ፊት ላይ ስቀንስ የኖርኩ ነኝ፤ ከዚህ ላይ ግን አንዲት ፊደል አላነሣም። ማሽኑን የሠራኸው አንተ ነህ፤ ይህን ወሰን ያደረግህበትም አንተ ነህ። ቦታውን አስፋልኝ፤ ገና ሳቋ ላይ መድረሴ ነው።

አክስትህ